አናቱን አታስወርዱ

ግንቦት ሲጋመስ መጋዝና መሰላል የያዘ ሰው በየግቢው በር ያንኳኳል። «ክረምት ሳይገባ አናቱን ላውርድልዎት?» ይላል። ባለቤቱም ዛፉ ቆርቆሮው ላይ እንዳይወድቅ ስለሚፈራ እሺ ይላል። በማግሥቱ ጃካራንዳው ጉቶ ሆኖ ቆሟል።

አናቱ የወረደ ዛፍ ከየጉቶው ጫፍ ሽቅብ የሚወረወሩ ቀጫጭን ቅርንጫፎችን በጥድፊያ ያወጣል። አንድ መደበኛ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር ለዓመታት እየተጠላለፈ ያድጋል፤ እነዚህ ግን የተያያዙት ከላይኛው ንብርብር ጋር ብቻ ነው። በሁለትና በሦስት ዓመት ሲከብዱ የሐምሌ ንፋስ ከነቅርፊታቸው ይገነጥላቸዋል። ጉቶውም ዝናብ እየጠጣ ወደ ውስጥ ይበሰብሳል። ለደኅንነት ተብሎ የተከፈለው ገንዘብ አደጋ ገዛ ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ቅርንጫፎቹን ማሳሳት ነው። መጀመሪያ የደረቀው፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገው፣ ከዚያ ጣሪያ ላይ የተንጋለለው ይነሳል። በአንድ ዓመት ከሕያው ቅጠል ከሩብ በላይ አይነካ፤ ያረጀ ዛፍ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ቁመቱ የግድ መቀነስ ካለበት ረጅሙ ቅርንጫፍ ወደ ጎን የወጣ ሌላ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ ይቆረጣል፤ የሚቀረው የጎን ቅርንጫፍም ውፍረቱ ከሚቆረጠው ቢያንስ ሲሶ ይሁን።

ወፍራም ቅርንጫፍ ሲወርድ መጋዙ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ከሥር ወደ ላይ እስከ ውፍረቱ ሲሶ፤ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ከላይ ወደ ታች፤ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የቀረው ጉቶ በመጨረሻ ይነሳል። የመጀመሪያው ከተዘለለ ቅርንጫፉ በክብደቱ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እስከ ታች ልጦ ይሄዳል። የመጨረሻው የት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚነሳበትን ቦታ በእጅ ዳብሱት፤ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ የተሸበሸበ እብጠት አለ። ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ስለሆነ ሳይነካ ከአጠገቡ ይቆረጣል። ቀለም፣ ሬንጅ ወይም የተቃጠለ ዘይት መቀባት አይጠቅምም፤ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ኖራ ግን ቦታ አለው፦ ጥላ ለምዶ በድንገት ለፀሐይ የተጋለጠ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ግንድ ቅርፊቱ ስለሚቃጠል፣ በውሃ የቀጠነ ኖራ ይቀባል።

ማንጎ የሚገረዘው ፍሬው እንደተለቀመ ነው። እስከ ጥቅምት ከዘገየ አዲሱ ቅጠል ሳይጠነክር የአበባ ጊዜ ይደርስና የዓመቱ ፍሬ ይቀራል። ነጩ የማንጎ ቅርፊት ነፍሳት፣ ቅጠልና ፍሬ ላይ ተጣብቆ የሚመጠው ጥቃቅን ተባይ፣ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ከተገኘ ወዲህ ወደ እኛ ወደ ጣና ዙሪያም ደርሷል። ቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ፣ ፍሬው ላይ ሐምራዊ ጠባሳ ምልክቱ ነው። የሚመቸው የታፈነ ጥላ ስለሆነ መሐሉን መክፈት ይጎዳዋል። ለረጅም ማንጎ ከመሬት የሚረጭ መድኃኒት አናቱ ጋ አይደርስም፤ ብር ማባከን ነው። የተገረዘው ቅጠል እዚያው ይቃጠል ወይም ይቀበር እንጂ በጋሪ ተጭኖ ሰፈር አይዙር።

ከመጋዙ ይልቅ ብዙ ዛፍ የሚገድለው አፈሩ ላይ የሚሠራው ነው። ውሃና ምግብ የሚስበው ሥር በአብዛኛው ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከቅርንጫፉ ጥላም አልፎ ይሄዳል። ግቢው ውሃ እንዳይቋጥር ተብሎ ገረጋንቲ ሲደፋና ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሥሩ አየር ያጣል። ጤነኛ ግንድ መሬት ሲደርስ እንደ ዝሆን እግር ሰፋ ይላል፤ እንደ መብራት ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከገባ ተቀብሯል ማለት ነውና አፈሩ በእጅ ይነሳ። ለሽንት ቤት ጉድጓድ ወይም ለአጥር መሠረት ሲቆፈር ከግንዱ ውፍረት አሥራ ሁለት እጥፍ መራቅ ነው፤ 40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ወደ 5 ሜትር ገደማ።

በጣና ሐይቅ ዳር ባለው ዝቅተኛ መሬትና በዋልካ አፈር ላይ አቮካዶ ይቸገራል። ውሃ ሲተኛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ያንሳል፣ ይገረጣል፣ ጫፉ ይደርቃል። ሲያዩት የተጠማ ስለሚመስል ውሃ ይጨመርበትና ይሞታል። መጀመሪያ አንድ ክንድ ቆፍራችሁ አፈሩን ጨብጡት፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ የሚያስፈልገው ቦይ ነው። ማንጎ ከአቮካዶ ይልቅ ውሃ ይችላል።

በበጋ ለትልቅ ዛፍ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ አሥር ጀሪካን በቂ ነው፤ ግንዱ ሥር ሳይሆን የቅርንጫፉ ጫፍ ከሚያርፍበት ዙሪያ። መሬቱ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ፣ ማለትም ደረቅ ሣርና ቅጠል፣ ይልበስ፤ ከግንዱ ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ አለዚያ እርጥበቱ ቅርፊቱን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠለልበታል። እምቦጭን ለጉዝጓዝ ማምጣት ያስደስታል፤ ያበበውን ግን ተዉት፤ ዘሩ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፣ የግቢው ጎርፍም ተመልሶ ወደ ጣና ነው።

ዘንባባ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። አንድ ግንድ የሚያድግበት ነጥብ አናቱ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ እሱ ከተቆረጠ ግንዱ አለቀ። የሚነሳው የደረቀው ቅጠል ብቻ ነው።

ግንዱ ባዶ የሆነ ዋርካ ሁሉ አይወድቅም። በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ቦታ ማወቅ ይቻላል፤ ውፍረቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ ዙሪያውን 10 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ እንጨት ካለው በአብዛኛው ይቆማል። ከሥሩ እንጉዳይ ከበቀለ፣ ወይም ካዘነበለበት ተቃራኒ በኩል መሬቱ ከተሰነጠቀ ግን ጊዜ አይሰጥም፤ ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ ከነካ ደግሞ መሰላል ሳይቀርብ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ይነገር። ግንዱ ላይ የታሰረ የልብስ ማስጫ ሽቦም ዛሬውኑ ይፈታ፤ ቅርፊቱ ውጦት ከሆነ ግን አትጎትቱት፣ ግራና ቀኙን ቆርጣችሁ የገባውን እዚያው ተዉት።