ጥያቄውን አፍ ያስለመደ ሥልጠና ያስፈልጋል

ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል ለትምህርት ቤት ሠራተኞች ሥልጠና ስጡ የተባላችሁ የጋይዳንስ (የተማሪዎች ምክር) መምህራን፣ በተለይ በሰሜን ሸዋ ያላችሁ፣ እኔ የተሳሳትኩበትን ብነግራችሁ ጊዜ ታተርፋላችሁ።

ቀን መምረጥ ቀላል ነው። ዓለም አቀፉ ቀን ጳጉሜን 5 ይውላል፤ ያን ዕለት ግቢው ውስጥ ከጥበቃው በቀር ማንም የለም። ምዝገባው አልቆ ክፍሉ ሲረጋጋ፣ ጥቅምት ላይ አድርጉት። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚለቀቀውም ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ወይም ገና ሲከፈት ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ሆም ሩሙ (የክፍሉ ተጠሪ መምህር) ከሰኔ በፊት ተማሪው ራሱ የሚያምነውን የአንድ ትልቅ ሰው ስልክ ይመዝገብ። የአባት ስልክ ብቻ አይበቃም።

የሥልጠናው ጥሪ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ይላኩ» ይላል፣ አበል ስላለው። ልጁን ከሁሉ ቀድመው የሚያዩት ግን ጥበቃዎቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹና ሻይ ቤት ያለችው ልጅ ናቸው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ምልክቶችን ማስተማር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት መሄድ ሲያቆም፣ ደብተሩንና ጋቢውን ለጓደኛው ሲሰጥ፣ ብዙ ሲጨነቅ ከርሞ ያለ ምክንያት ድንገት ሲረጋ፣ ይህን ሁሉም ሰው ወዲያው ይይዘዋል።

የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ቀን አቅጄ ነበር። የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ወደ ግማሽ ቀን አወረደውና «ልምምዱ ይቅር፣ ፓወር ፖይንቱ ይበቃል» አለ። እኔም እሺ አልኩ። እነሱን ዛሬም አልረሳሁላቸውም፤ ግን ፈርሜ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ ሠልጣኞቹን «እስኪ ተማሪው ፊታችሁ ተቀምጧል በሉና ጠይቁት» ስላቸው ምልክቱን በቃላቸው ይወጡታል፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» የሚለው ጥያቄ ግን ከአፋቸው አይወጣም።

የሚወጣው «መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?» የሚል ነው። ይህ መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ መምህሩን አይቃረንም፤ «ኧረ በፍጹም» ይልና ይሄዳል። ሌላው «እናትህ ምን ትሆናለች?» ነው፤ ለቤተሰቡ ሸክም ሆኛለሁ ብሎ የሚያስብ ልጅ ላይ ሌላ ሸክም መጫን ነው። «ሰይጣን ነው፣ ጸልይ» ደግሞ ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል። ጸበል መሄዱን አትከልክሉት፤ ጻድቃኔ ማርያምም ቢሄድ የታዘዘለትን መድኃኒት ይዞ ይሂድ።

የሚሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንቅ ልታመጣ አልሄድክም፤ ክፍል ውስጥም አንገትህን ደፍተህ ነው የምትውለው።» ከዚያ፦ «እንዲህ ሲከብድ መሞት ይሻለኛል የሚል ሰው አለ። አንተስ ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ከዚያ ዝም። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። መምህራን የሚያበላሹት ይህችን ዝምታ ነው፤ ሦስት ላይ ሲደርሱ ምክር ይጀምራሉ።

«ሐሳቡን እኛው ብናስገባበትስ?» የሚል በየሥልጠናው አይጠፋም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል በጥናት የታወቀ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ ይናገራል። ፖሊስ የሚፈራም አለ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስጠይቀው ሌላውን መገፋፋትና መርዳት ነው፤ ሙከራው አይደለም።

ልምምዱ በሦስት በሦስት ነው፦ አንዱ መምህር፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዱ ወረቀት ይዞ ታዛቢ። እየተቀያየሩ እያንዳንዱ ጥያቄውን ሦስት ጊዜ በድምፅ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ይሳሳቃሉ፣ ተዉአቸው። በሁለተኛው «ለማጥፋት» የምትለዋ ቃል ላይ ድምፃቸው ይወርዳል። ሦስተኛው ላይ ሰው የጠየቀው ጥያቄ ይሆናል። ከ24 ሰው በላይ አታስገቡ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት። ይህን ካስቀነሷችሁ ሥልጠናውን አትስጡ፤ ምልክቱን አውቆ መጠየቅ የማይችል ሰው ልጁን በዓይኑ ብቻ ነው የሚከታተለው፣ ልጁም ያንን ያውቃል።

«አዎ» ካለ እንዴትና መቼ ብላችሁ ጠይቁ። ያሰበበት መንገድ ካለው ለአፍታም ብቻውን አይሁን። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ቅጹ «ሪፈር ጽፎ መላክ» ይላል፤ እኔ ግን አብራችሁት ሂዱ እላለሁ። ከሥልጠናው በፊትም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ በአእምሮ ጤና የሠለጠነው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ሲቀር ማን እንደሚተካው ጠይቁ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚላክ ልጅ ባዶ ክፍል ነው የሚጠብቀው።

ቤተሰብ ሲጠራ፣ ቤት ውስጥ ያለ የአረምና የተባይ መድኃኒት ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ቁልፉም ጎረቤት ዘንድ ይሁን። ይህን ወላጅ ሳይከራከር ይቀበላል። ሪፖርት ላይ «የተለዩ ተማሪዎች ስም ዝርዝር» የሚል ዓምድ ከመጣባችሁ ቁጥር ብቻ ሙሉበት። ቢቆጧችሁም ስም አትጻፉ።

ጥበቃዎች የማታ ተረኛ ስለሆኑ ልምምዱን ከ11 ሰዓት በኋላ ለብቻቸው አድርጉላቸው፤ አበሉም ከመምህራኑ እኩል ይሁን።