ለገና የጠመቅሁት ጠላ እና ያልተከፈተው ክዳን

አምና ለገና የጠመቅሁት ጠላ እንግዳ ፊት ሳይቀርብ ተደፋ። ጌሾው ጥሩ ነበር፤ ብቅሉም የራሳችን የገብስ ማሳ ፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ስድሳ ሊትር በሚይዝ በርሜል ግማሽ ያህል ብቻ ሞላሁና በየጠዋቱ ክዳኑን እያነሳሁ አማስል፣ እቀምስ ነበር። በሳምንቱ ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ጣለ፤ ሽታውም አፍንጫ የሚቆነጥጥ ኮምጣጤ ሆነ። እናቴ ከመንዝ መጥታ አየችና «አንቺ ልጅ፣ የምትጠምቂው ጠላ ነው ወይስ የምትጠብቂው ጋን?» አለችኝ።

እርሷ ጋኗን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ድፍድፉ ከተሞላ በኋላ አፉን በጨርቅ ሸፍና በጭቃ ትመርጋለች። ኦክስጅን የሚባል ነገር አንስታ አታውቅም። አልኮሉን ወደ ኮምጣጤ የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች ግን ያለ አየር ሥራቸውን አይሠሩም። እርሾው የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የጠላውን ላይ ይሸፍናል፤ እኔ ክዳን ባነሳሁ ቁጥር ያንን ሽፋን በትኜ አዲስ አየር አስገባ ነበር። ጥንስሱ ላይ እንኳ አየር ክፉ አይደለም፤ እርሾው ለመራባት ጥቂት ይፈልጋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዘንድሮ በ25 ሊትር ጄሪካን ጠመቅሁ፤ ለአረፋው አራት ጣት ያህል ብቻ አጎደልሁ። ክዳኑን በስቼ ቀጭን ቱቦ አስገባሁ፣ ዙሪያውን በጧፍ ሰም ደፈንሁ፣ የቱቦውን ጫፍ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ውስጥ ነከርሁ። ጋዙ እየተንቦቀቦቀ ይወጣል፤ አየር አይገባም። ጨርሶ መድፈን ግን ጄሪካኑን ያስፈነዳል።

ያልጠበቅሁት የደብረ ብርሃን ውርጭ ነበር። አንድ ጠዋት ብነሳ የጠርሙሱ ውሃ ቱቦውን እስከ ግማሽ ወጥቶበታል፤ በጄሪካኑ ውስጥ ያለው ጋዝ በብርድ ሲኮማተር ውሃውን እየሳበው ነው። ጠርሙሱን ዝቅ አድርጌ ከመሬት አስቀመጥሁት፣ ጄሪካኑን ወደ ምድጃው አስጠጋሁት፣ ውሃውንም አፍልቼ ባቀዘቀዝሁት ቀየርሁት።

ሳጠልለው ደግሞ ከፍ አድርጌ እያንዠቀዠቅሁ የቀዳሁት እንስራ በሦስተኛው ቀን መጣጣ ሆነ። በቱቦ ቀስ ብሎ ከሥር እንዲሞላ ያደረግሁት ግን የገና እንግዶች እስኪሄዱ ጣዕሙን ጠብቋል። ቅራሪውን እንደ ድሮው ክፍት ትቼዋለሁ፤ እርሱ የዕለቱን ዕለት ያልቃል።