28 ሰከንድ ዘፈን

በጅማ አቅራቢያ ጅረን ላይ ስላለው የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የ6 ደቂቃ ቪዲዮ ለክፍል ሥራ ስናዘጋጅ ምስልና ድምፅ የማቀናበሩ ድርሻ የእኔ ነበር። ከአንድ ታዋቂ ድምፃዊ ዘፈን 28 ሰከንድ ቆርጬ አስገባሁ። «ከ30 ሰከንድ በታች አይጠየቁበትም» የሚለውን ወሬ እንደ ሕግ ቆጥሬው ነበር። ፎቶዎቹን ከኢንተርኔት ለቅሜ፣ መጨረሻ ላይ «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

መምህራችን እስከ መጨረሻው አይታ፣ «ባለቤት እንዳለው ካወቅህ ለምን አልጠየቅኸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የኢትዮጵያን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ስለ 30 ሰከንድ የሚያወራ አንቀጽ የለውም። «ፍትሐዊ አጠቃቀም» እያልን የምንጠቅሰው ባለ አራት መመዘኛ ደንብም የአሜሪካ ሕግ ነው፤ እዚያም ቢሆን የሰከንድ ገደብ አልተጻፈም። የእኛው አዋጅ መጥቀስንና ለማስተማር ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ግን በልክ ሆኖ፣ ምንጩና የአመንጪው ስም ተጠቅሶ ነው። እኔ ያስገባሁት ዘፈን ደግሞ ለመጥቀስም ለማስተማርም አልነበረም፤ ማጀቢያ ብቻ ነበር። ቪዲዮውንም ከክፍል አውጥተን ለሕዝብ ልንለቀው አስበን ነበር።

የፎቶ ጥበቃ ከተነሣበት ጊዜ አንሥቶ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ አባ ጅፋር በሕይወት ሳሉ የተነሡት ፎቶዎች ጊዜያቸው ካለፈ ቆይቷል፤ ቱሪስት አምና ያነሣው የቤተ መንግሥቱ ፎቶ ግን አላለፈም። ጅረን ወጥቼ ሰገነቱን በራሴ ስልክ አነሣሁ።

ለድምፁ ጅማ ውስጥ ወዳለው ሕርማታ ገበያ ሄድኩ። አንድ አዛውንት ገረርሳ፣ የኦሮሞን ባህላዊ የጀግንነት ዜማ፣ ሲያሰሙ ስልኬን ከፍቼ ቀዳሁ። ዜማው የጥንት ስለሆነ የማንም አይደለም ብዬ ነበር፤ ለካ ከዋኙ፣ ማለትም ዜማውን የሚያሰማው ሰው፣ በክወናው ላይ የራሱ መብት አለው። ጓደኛዬ በአፋን ኦሮሞ ሲያስረዳቸው አዛውንቱ ሳቁ። «ልጄ፣ ከወሰድህ በኋላ ነው የምትጠይቀኝ?» አሉኝ። የቀዳሁትን ፊታቸው አጠፋሁት። ቡና ጠጥተን፣ ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ነግረውን፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብለው እንደ አዲስ አሰሙን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ረዘም ያለና የተሻለ ነበር።

ከጀርባው የወፍጮው ጩኸት ስለሚሰማ መምህራችን ከድምፅ ጥራት 2 ነጥብ ቀነሰችብን።