የአዳማ ንፋስና የአባቴ ምድጃ

አዳማ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ምንም አያስቸግርም። ማራገቢያ ፍለጋ የለም፣ ተጎንብሶ እፍ ማለት የለም። በር ላይ አውጥቶ ማስቀመጥ ነው፤ ንፋሱ ራሱ ያያይዘዋል። ጣጣው የሚመጣው ከተያያዘ በኋላ ነው። ተራ የቆርቆሮ ማንደጃ ከሆነ በረካው ሳይደርስ ከሰሉ አመድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ይሄው ንፋስ ከከተማው ወጣ ሲባል ኮረብታው ላይ መብራት ያመነጫል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ ብቻውን 102 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 153 ሜጋዋት ነው። እኛ ሰፈር ታዲያ መብራት ድርግም ሲል ያው ንፋስ ግቢዬ ገብቶ ከሰሌን ይበላል። እዚያ የሚመነጨው ወደ አገሪቱ ዋና መስመር እንደሚገባ አጥቼው አይደለም። ግን ሊጥ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተሰክቶ፣ መብራት ሲሄድ ይሄን የሚያስታውስ ማን ነው?

ንፋሱን አደብ የሚያስገዛልኝ የአባቴ ምድጃ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ድሬዳዋ ወርክሾፕ የነበሩ ጓደኞቹ ከውዳቂ ብረት በይደው ሠሩለት። አዳማ የመጣውም በባቡር ተጭኖ ነው። እኔ ስወለድ ምድጃው ቤት ውስጥ ነበር። ያ ሐዲድ ቆሟል፤ ዛሬ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር በኤሌክትሪክ ነው። ምድጃው ግን እስካሁን ወጥ ይሠራል።

የቆርቆሮ ማንደጃ በአንድ እጅ ይነሳል፣ ይሄኛው ሁለት ሰው ይፈልጋል። ላዩ ላይ ሁለት ድስት ጎን ለጎን ይጣዳል። ከሥሩ የአመድ መሳቢያ አለው። ፊት ለፊቱ ላይ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ በር አለችው፤ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። ምድጃውን የምትነዳው እሷ ናት። ወለል አድርጌ ስከፍታት ከሰሉ ይፋፋማል፣ የሻይ ውኃ ወዲያው ይንተከተካል። ግማሽ ስትሆን ለቁሌት ነው። ጣት የምታስገባ ክፍተት ብቻ ስትቀር ሽሮው ቱክ ቱክ እያለ ሳያር ይቆያል። ውጭ ንፋሱ እንደፈለገ ይጩህ፣ ከሰሉ ጋ የሚደርሰው እኔ የፈቀድኩለት ያህል ነው።

ከሰሉ የግራር መሆን አለበት። ሁለት አንስቼ አጋጫለሁ፤ እንደ ሸክላ ካቃጨለ በስሏል። ድምፁ የታፈነ ከሆነ ወይ እርጥብ ነው ወይ በደንብ አልከሰለም። እንዲያ ያለው ያጨሳል፣ ይንጣጣል፣ ቀሚስ ይበሳል። ማዳበሪያው አፍ ላይ አምረው የተደረደሩትን ትልልቆቹን አላምንም። እጄን ወደ ሆዱ ነው የምሰደው፤ ድቃቂው የሚደበቀው እዚያ ነው። ነጋዴዎቹ ይሄን ፀባዬን ስለሚያውቁ ሲያዩኝ ይስቃሉ።

የግራሩ ነገር ግን ይከነክነኛል። እንጨቱ አፈር ለብሶ በሚከስልበት በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ስድስት ሰባት ኪሎ እንጨት ያልቃል። የምድጃውን በር እየጠበቅሁ የምቆመው ለብሬ ብቻ ብዬ አይደለም።

«ላቀች የምትባለውን ከሰል ቆጣቢ ማንደጃ አትገዢም እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አለችኝ። ላቀች ከቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች፤ ውስጧ ሸክላ ስለሆነ ሙቀቱን ወደ ጎን አታባክንም። የአባቴ ምድጃ በተቃራኒው ድስቱን ከማሞቁ በፊት ራሱን ያሞቃል። ለአንድ ጀበና ብሎ እሱን ማንደድ ሞኝነት ነው። ዶሮ የሚሠራበት ወይ ድፎ የሚደፋበት ቀን ግን ሌላ ነው። አንዴ ከጋለ ብረቱ ሙቀቱን ይዞ ይውላል፣ ከሰሉ ቢያንስም እሳቱ አይዋዥቅም።

ሰው መከራ ሲበዛበት እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም ነደደብኝ ይላል። እውነቱን ለመናገር ከላይና ከታች እኩል ከነደደ ዳቦው ሥሩ ያርራል፣ ላዩ ገርጥቶ ይቀራል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚሄድ የታችኛው ፍም ትንሽ ይበቃዋል። እኔ በሯን እዘጋና ፍሙን በጉጠት እየለቀምኩ ወደ ዳር ዳር እገፋዋለሁ፤ መሀሉ ባዶ ይሆናል። ድስቱ ውስጥ ኮባ ይነጠፋል፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ሊጥ ይፈስበታል፣ ኮባ ይለብሳል። የብረት ክዳኑ ይገጠምና አብዛኛው ፍም እላዩ ላይ ይደረደራል። ከዚያ ክዳን መክፈት የለም! ኮባው መሽተት ሲጀምር የላዩን ፍም ግማሹን አነሳለሁ። የዳቦው ሽታ ከኮባው ሲበልጥ ቢላዋ ሰክቼ አያለሁ፤ ሊጥ ካልያዘ አበቃ።

አምና ታኅሣሥ ላይ አማቴ ከደብረ ብርሃን መጡ። አዳማ ቆላ ነው ብለው ጋቢ እንኳ በቅጡ አልያዙም። የታኅሣሥን ሌሊት ንፋስ ማን ይንገራቸው! ማታ እራት ስናነሳ፦

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ምድጃ መኝታ ቤት አስገቢልኝ እስኪ፣ እግሬን ሞቅ ያድርገኝ» አሉ።

«እማዬ፣ እዚሁ በሩ ተከፍቶ ይሙቁ። መኝታ ቤት ግን አይገባም።»

«ፍሙ ጠርቷል እኮ! ጭስ የታለው?»

«የሚያስፈራውስ እሱ አይደል?»

ፍም ላይ ሰማያዊ ነበልባል ሲዘል አይታችሁ ይሆናል። ከሥር የገባው አየር ከከሰሉ ጋር ተቃጥሎ ወደ ላይ ሲወጣ በጋለው ፍም መሀል ያልፋል፤ እዚያ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። ላይ ደርሶ አዲስ አየር ሲያገኝ ይነዳል፣ ሰማያዊው ነበልባል እሱ ነው። ፍሙ አመድ ለብሶ ነበልባሉ ሲጠፋ ግን ጋዙ ሳይቃጠል ቤት ውስጥ ይቀራል። ያቺ የምወዳት በር ስትጠብማ ይብሳል። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን፣ ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ነቅቶ ያለ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያዞረው፣ ሲያቅለሸልሸው ይወጣል። የተኛ ሰው በምን ይወቅ?

«ጨው ነስንሺበት፣ ይገድለዋል» አሉኝ። ጨው ይሄን ጋዝ አይነካውም። አጠገቡ ውኃ በሳህን ማስቀመጥም እንደዚያው ነው። ይሄን ስነግራቸው ትንሽ አኮረፉ፤ እሳት የሚነፍግ ምራት መሆኔ ነው። እኔ ምድጃው ላይ ውኃ አሙቄ፣ ከፋርማሲ የገዛሁትን የጎማ ከረጢት ሞልቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ እግራቸው ሥር አደረግሁላቸው። ጠዋት ቁርስ ላይ የጠየቁኝ ከረጢቱ ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ሲመለሱ አንድ ገዝቼ ሻንጣቸው ውስጥ ከተትኩ።

ሰሞኑን ፍርግርጉን እሳት በላው። በየጊዜው የሚያልቀው እሱ ብቻ ነው። ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ምድጃውን ቤት ድረስ መጥቶ ለካና «እትዬ፣ ከዚህ ብረት እኮ አራት ማንደጃ ይወጣል፣ ለምን አይሸጡልኝም?» አለኝ። ይልቅ 12 ቁጥር ፌሮ ቁረጥልኝ አልኩት። ክፍተቱ ከአውራ ጣት እንዳይሰፋ አደራ ብዬዋለሁ፤ ከሰፋ ፍሙ መሳቢያው ውስጥ ይወድቃል፣ ከጠበበ ደግሞ አመዱ ይደፍነውና አየር አያሳልፍም። ለዓርብ ቀጥሮኛል። ቅዳሜ እንግዳ ስላለብኝ እንደ ሌሎቹ ባለሙያዎች «ነገ ነገ» እንዳይለኝ እንጂ።