524 ሜትር እንዴት እንዳዋረደኝ

ይህን የምጽፈው ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ እኔ ከአንድ ውርደት እድን ስለነበር ነው። ነገሩ የመጻሕፍት ጉዳይ ነው። ስለ ትልልቅ የባሕር ዳርቻ መሬት መንቀጥቀጦችና ስለ ሱናሚ የተጻፉ 19 መጻሕፍት በአንድ ዓመት አነበብኩ። ከዚያ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የንባብ ዝርዝርና አንድ ትልቅ ፖስተር አዘጋጀሁ። ዝርዝሩ ደህና ነበር። ፖስተሩን ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመርኩት ከ2004ቱ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ነው። በ14 አገሮች ወደ 230,000 የሚጠጋ ሰው የሞተበት ማለት ነው። ሁለት ሦስት መጽሐፍ አንብቤ የምተወው መስሎኝ ነበር። ግን አንዱ መጽሐፍ ሌላውን ይጠራል። ከ2004 ወደ 2011ዱ ጃፓን፣ ከዚያ ወደ 1964ቱ አላስካ፣ ከዚያ ወደ 1960ው ቺሊ እያልኩ እስከ 1755ቱ ሊዝበን ድረስ ወረድኩ።

መጽሐፍ መምረጡ ራስ አያዞርም። አንዱን አንብባችሁ ስትጨርሱ የኋላ ገጾቹን አገላብጡ፤ ቀጣዩ እዚያው አለ። ማስታወሻ በደብተር ያዙ፤ ስልክ ላይ የጻፍኩትን እኔ ተመልሼ አይቼው አላውቅም። በቃ፣ ይኸው ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ጂኦሎጂስቱ ብራያን አትዋተር ከጃፓናውያንና ከአሜሪካውያን ባልደረቦቹ ጋር በ2005 ያወጣው፣ የ1700ውን «ወላጅ አልባ ሱናሚ» የሚተርክ መጽሐፍ አለ። በውሰት ከሌላ ቦታ እንዲመጣልኝ ፎርም ሞልቼ 11 ሳምንት ጠበቅሁ። በሄድኩ ቁጥር «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» እባላለሁ። ለካ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ መጽሐፉን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጦታል! ፎርሙን የተቀበለኝ ሰው አያውቅም ነበር። እኔም አልፈለግሁም። መንግሥታዊ ተቋም የሚያሳትመውን መጽሐፍ ከመዋስ በፊት በነፃ መኖሩን አጣሩ።

ደግሞ ሲጠብቁት ቢውሉ የሚያስቆጭ መጽሐፍ አይደለም። በጥር 1700 የጃፓን ዳርቻዎችን ውሃ መታቸው። መሬት ሲንቀጠቀጥ የተሰማው ሰው ግን አልነበረም። ወላጅ አልባ የተባለው ለዚህ ነው። ከውቅያኖሱ ማዶ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ዳርቻ ደግሞ ጨው ውሃ ውስጥ ቆመው የደረቁ የጥድ ዘር ዛፎች አሉ። ግንዳቸው ውስጥ ያለው ቀለበት ሲቆጠር የመጨረሻው የ1699 ሆነ። የጃፓን ጸሐፊዎች የመዘገቡት ቀንና የዛፎቹ ቀለበት ሲገጣጠሙ ልጁ ወላጁን፣ የአሜሪካውን ዳርቻ መንቀጥቀጥ፣ አገኘ፦ ጥር 26 ቀን 1700፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ይህን ገጽ ሳነብ ብድግ ብዬ ክፍሌ ውስጥ ተንጎራድጃለሁ።

አሁን ወደ ፖስተሩ።

ደብተሬ ላይ ሠንጠረዥ ነበረኝ። ዓመት፣ ቦታ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ መጠን፣ የሞተው ሰው ብዛት፣ ቁመት። «ቁመት» የምትለዋን አምድ ስሞላ ቅንጣት አላመነታሁም። መጽሐፉ ላይ ሜትር የሚል ካየሁ እጽፋለሁ። የ2011 ጃፓን፣ 40 ገደማ። የ1896 ሳንሪኩ (እሱም ጃፓን)፣ 38.2። የ1700፣ 5። የ1958 ሊቱያ (አላስካ)፣ 524።

የቤተ መጻሕፍቱ አስተባባሪ ደብተሬን አየችና ደስ አላት። «ይኼማ ፖስተር ይሁን» አለች። ለእያንዳንዱ ሱናሚ አንድ አንድ ቋሚ ዘንግ ይሳላል፣ ከሥሩ መጽሐፉ ይቀመጣል። ደብተሬ ላይ ግን አንዳንዱ ቦታ ሁለት ሦስት ቁጥር ነበረ። የ2004ቱ ጎን ለምሳሌ «60 ሳንቲ ሜትር» የሚልም «ከ30 ሜትር በላይ» የሚልም ጽፌያለሁ። «የቱ ነው ትክክሉ?» አለችኝ። ሁለቱንም ከመጻሕፍት ነው ያገኘሁት አልኳት። «ሰው ቁጥር ሲበዛበት ይሰለቻል። አንድ ቁጥር ብቻ አስቀምጥ» አለች።

እዚህ ጋ ነው ቆም ማለት የነበረብኝ። አንድ ሱናሚ እንዴት 60 ሳንቲ ሜትርም 30 ሜትርም ይሆናል? ይህን ጥያቄ መጠየቅ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ሰው ሁሉ «አንተማ አዋቂ ሆነሃል» እያለኝ ስለነበር ሞቅ ብሎኛል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አይደል የሚባለው? ትልቁን ቁጥር መርጬ ሰጠኋት።

ፖስተሩ ታትሞ መጣ። የሊቱያ ዘንግ ወረቀቱን ሰንጥቆ ጣሪያ ሊነካ ደርሷል። የ2004 እና የ2011ዱ ከሥሩ እንደ ጣት ጥፍር ናቸው። የ1700ው ጨርሶ አይታይም። ውሃ የነካው መስመር እንጂ ዘንግ አይመስልም።

የመክፈቻው ዕለት ወደ 30 የሚሆን ሰው መጣ። ተናገርኩ። «በታሪክ ከተመዘገቡት ማዕበሎች ሁሉ ትልቁ ግማሽ ኪሎ ሜትር ቁመት ነበረው» አልኩ። አጉረመረሙ፣ ተገረሙ። ደስ አለኝ። ከኋላ አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ይኼ 524 ከምን ተነስቶ ነው የተለካው?»

«ከባሕሩ ነዋ፣ አባቴ።»

«ገባኝ። ላዩስ የት ነው? የማዕበሉ ጫፍ ነው ወይስ ውሃው የደረሰበት ዳገት?»

ዝም አልኩ። መልሱ እኮ ካነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ነበር። በእርሳስ ሳይቀር አስምሬበታለሁ።

በሊቱያ የሆነው እንዲህ ነው። ሐምሌ 1958 በአላስካ መሬት ተንቀጠቀጠ። ከጠባቡ ወሽመጥ ጫፍ ካለ ተራራ ትልቅ የድንጋይ ክምር ተንዶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ውሃው ፊት ለፊቱ ባለው ዳገት ላይ ተረጭቶ እስከ 524 ሜትር ድረስ ያለውን ዛፍ ላጨው። 524 ሜትር ማለት ውሃው ዳገቱን ሽቅብ የወጣበት ከፍታ ነው። ባለሙያዎች ረን አፕ ይሉታል። 524 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ በወሽመጡ ውስጥ እየተንከባለለ አልሄደም። በዚያች ሌሊት እዚያው ወሽመጥ ውስጥ ጀልባ ላይ ሆነው የተረፉ ሰዎች አሉ። ይህችን ብቻ አስቤ ቢሆን ይበቃኝ ነበር።

የ60 ሳንቲ ሜትሯስ? እሷ የ2004ቱ ሱናሚ ጥልቅ ባሕር ላይ ሳለ፣ መሬቱ ከተንቀጠቀጠ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ጄሰን 1 የተባለችው ሳተላይት የለካችው ነው። ከ30 ሜትር በላይ የሚለው ደግሞ እዚያው መንቀጥቀጡ አጠገብ፣ ሱማትራ ዳርቻ ላይ ውሃው የወጣበት ከፍታ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተለካው ቦታ ነው የተለያየው። የ1700ው 5 ሜትርማ ይባስ፦ ውቅያኖሱን በሙሉ ተሻግሮ ጃፓን ሲደርስ የነበረው ግምት ነው። እኔ ከአላስካ ዳገት ጋር ጎን ለጎን አቆምኩትና ትንሽ አስመሰልኩት። ከሰሜን ካሊፎርኒያ እስከ ካናዳ ቫንኩቨር ደሴት፣ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር የተሰነጠቀውን መሬት ማለት ነው።

ቀያሹ አላፌዙብኝም። ስጨርስ ጠጋ ብለው «ቁጥር መነሻና መድረሻ ከሌለው ቁጥር አይደለም» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ አስተባባሪዋ ሄጄ ፖስተሩ ይውረድ አልኩ። አይሆንም። ለምን? ጸድቋል፣ ማህተም አርፎበታል። ቢያንስ ከሥሩ ማስተካከያ ልለጥፍ አልኩ። ማስተካከያውም መጽደቅ አለበት። ደብዳቤ ጻፍኩ። ደብዳቤው «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል»። የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የሚመለከተው እሷን ነው አለ። አራት ወር! የተሳሳተውን ለማሳተም የፈጀው ዘጠኝ ቀን ነው።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። እኔ በወረቀት የሠራሁት ስህተት ጃፓን ውስጥ በሰው ሕይወት ላይ ተሠርቷል፤ ይህንንም አንብቤዋለሁ። መጋቢት 11 ቀን 2011፣ በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8፡46 ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ የአገሪቱ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ማስጠንቀቂያ አወጣ፦ ለኢዋቴ አውራጃ 3 ሜትር፣ ለሚያጊ አውራጃ 6 ሜትር። የመጀመሪያው ስሌት የመሬት መንቀጥቀጡን 7.9 ብሎ ስለገመተ ነው። እውነተኛው መጠን 9 ነበር። ትንበያው ከፍ ያለው ከ28 ደቂቃ በኋላ ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት መብራት የጠፋበት ቦታ ብዙ ነው። እስኪ አስቡት፦ ኢዋቴ ያለችው ታሮ 10 ሜትር የባሕር ግንብ አላት። 10 ሜትር ግንብ ጀርባ የተቀመጠ ሰው «3 ሜትር» ሲባል ምን ያስባል? ውሃው ግንቡን ዘሎ ገባ።

ከዚያ በኋላ ኤጀንሲው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ከ2013 ጀምሮ፣ መጠኑ ቶሎ የማይታወቅ እጅግ ትልቅ መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ላይ ሜትር መጥራት አቆመ። «ግዙፍ» ይላል፤ አለቀ። በዓለም ላይ ሱናሚ በመለካት ከሚታወቁት ቀዳሚ የሆነው መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ራሱ አወረደው። ይህን ለአስተባባሪዋ ነገርኳት። «እሱ ጃፓን ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚጀምር ሰው የምለው አለኝ። የንባብ ዝርዝሮች በሙሉ «መጀመሪያ አጠቃላይ የሳይንስ መግቢያ አንብቡ» ይላሉ። አትስሟቸው። እኔ እንዲያ ነው የጀመርኩት፤ ሞገድ፣ ፍጥነት፣ ጥልቀት እያልኩ ሸመደድኩ፤ የሚለካው ነገር ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። በአንድ ቦታ ታሪክ ጀምሩ። ሪቻርድ ሎይድ ፓሪ በ2011ዱ ሱናሚ ስለተመታው የጃፓኑ ኦካዋ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጻፈውን መጽሐፍ አንብቡ። ትምህርት ቤቱ ከባሕሩ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአደጋ ካርታው ውሃ ይደርስበታል አላለም። ከጀርባው ኮረብታ አለ። ልጆቹ ሜዳው ላይ 50 ደቂቃ ያህል ቆሙ። 74 ልጆች ሞቱ። ይህን ካነበባችሁ በኋላ «ውሃው ወደ የብስ የገባበት ርቀት» የሚለው ሐረግ በሕልማችሁም አይጠፋችሁም። ግን እንዲህ ዓይነቱን መጽሐፍ ሁለት አከታትላችሁ አታንብቡ። እኔ ሦስት አከታትዬ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ሁለተኛ፣ «መሬት በኃይል ከተንቀጠቀጠ ሩጡ» የሚል በራሪ ወረቀት ስታዩ ጎዶሎ መሆኑን እወቁ። የ1896ቱ ሳንሪኩ ላይ መንቀጥቀጡ ለስላሳ ነበር። ሰው ከቁብ አልቆጠረውም። 22,000 ገደማ ሞተ። ኃይሉን ብቻ ሳይሆን የቆየበትንም ጊዜ ተመልከቱ። በኢንዶኔዥያ የሲሜሉዌ ደሴት ሰዎች ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1907 ከደረሰባቸው በኋላ «ስሞንግ» (በቋንቋቸው ሱናሚ) የሚለውን ቃልና ታሪኩን ለልጆቻቸው አወረሱ። በ2004 ከ78,000 ያህል ነዋሪ የሞተው 7 ሰው ነው።

ሬክተር የሚለውንም የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ በጥርጣሬ ተመልከቱ። ዛሬ ለትልልቆቹ የሚሠራበት በ1979 የወጣው የሞመንት ልኬት ነው። የቆዩ መጻሕፍት ላይ የ1960ው ቺሊ ከ9 በታች ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አሁን 9.5 ነው። አሮጌዎቹን ግን አትጣሉ። የሰው ምስክርነት በነሱ ውስጥ ነው ያለው።

የምቆጨው በአንድ ነገር ነው። በ2004 ውሃው ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ሶማሊያ ደርሶ 300 ያህል ሰው ገድሏል። ካነበብኳቸው መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ ሁለት መስመር በላይ የሰጠው አላገኘሁም። እኔም ፖስተሩ ላይ አላስገባሁትም። ቁመቱ ትንሽ ነዋ!

ደብተሬ አሁን አዲስ ሠንጠረዥ አለው። «ቁመት» የሚለውን ሰርዤ አራት አምድ ከፍያለሁ፦ ጥልቅ ባሕር ላይ፣ ወደብ መለኪያ ላይ፣ መሬት ላይ የቆመው ጥልቀት፣ ዳገት ላይ የደረሰበት። ብዙው ቦታ ባዶ ነው። ቀያሹ ተውሰውት ሁለት ሳምንት አቆይተው መለሱልኝ፤ የእርሳስ ምልክታቸው በየገጹ አለ።

ፖስተሩ አልወረደም። ዋናው በር ጋ ነው የተሰቀለው። እኔ በጓሮው በር ነው የምገባው።