ወሬው ሌላ፣ ፒፓው ሌላ

እኔ አላጨስም። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ፒፓ የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። ትንባሆ አርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ቅጠል ነው ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እናቴ ዛሬም ፒፓዎቼ ያሉበት ክፍል ዝር አትልም። እኔን የሚማርከኝ እንጨቱ ነው።

እንጨቱ ደግሞ ለጎጃም ሰው ባዳ አይደለም። ጥሩ ፒፓ የሚሠራው አስታ ከሥሩ ላይ ከሚያበቅለው ጠንካራ ጉጥ ነው። አዎ፣ ጮቄ ላይ የምናውቀው አስታ። ፋብሪካዎቹ የሚጠቀሙት የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻውን ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ጉጡን እሳት ቶሎ አይበላውም። የኛው ማገዶ ሆኖ ይቀራል።

አሮጌ ፒፓ የምገዛው ከሌሎች ሰብሳቢዎች ነው፤ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ያሉ ጡረተኞች ናቸው። ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል፣ ብሩ በቴሌብር ይሄዳል፣ ዕቃው በአውቶቡስ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ይደርሳል። ምናለሽ ተራም አልፎ አልፎ ይገኛል። ነጋዴው ግን ስለ ዕቃው አንድም ነገር አይነግራችሁም። ሰብሳቢ ይነግራችኋል። ችግሩ፣ አንዳንዴ ከሚያውቀው በላይ ይነግራችኋል።

አምና አንድ ትልቅ ሰው አንገቱ የጎበጠ ፒተርሰን አቀረቡልኝ። ፒተርሰን የተባለው የደብሊን ፒፓ ፋብሪካ ሥራ ነው።

«ይህ ጎጃምን የረገጠ ፒፓ ነው» አሉኝ በስልክ። «በ33 ከጃንሆይ ጋር በኦሜድላ ከገቡት እንግሊዞች የአንዱ መኮንን ነበር። ላንተ ለጎጃሜው ነው የሚገባው።»

ዋጋውም በታሪኩ ልክ ነበር። አንገቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አቅርበው ፎቶ እንዲያነሱልኝ ለመንኳቸው። በእንግሊዝኛ «በአየርላንድ ሪፐብሊክ የተሠራ» ይላል። ፒተርሰን ይህን ማኅተም የሚመታው አየርላንድ ሪፐብሊክ ከተባለች ከ1949 ወዲህ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ከጃንሆይ ጋር የገባው የእንግሊዛዊው የዊንጌት ጌዴዎን ጦር በጎጃም በኩል ያለፈው በ1941፣ በኛ በ33 ነው። መኮንኑ ገና ያልተሠራ ፒፓ ሲያጨስ ነበር ማለት ነው! ጽሑፉ «የአየርላንድ ነጻ መንግሥት» ቢል ኖሮ ከ1937 የማያልፍ ዕቃ ስለሚሆን፣ አፌን ዘግቼ እከፍል ነበር።

«ጋሼ፣ ማኅተሙ ከዘመቻው በኋላ የመጣ ነው እኮ» አልኳቸው።

«እንግዲህ እኔም የሸጠልኝ ሰው ያለኝን ነው ያልኩህ» አሉና ዋጋውን በግማሽ ቀነሱልኝ። ገዛሁት። ያለ መኮንኑም ቆንጆ ፒፓ ነው።

እኔ ከታሪክ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው። መምጠጫው አንገቱ ውስጥ የሚገባበት ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች ወይ? ብዙ ጊዜ ፒፓው ሳይበርድ መምጠጫውን የሚነቅል ባለቤት የሚተወው ጉዳት ነው። ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል? የድሮ መምጠጫ ከጎማና ከድኝ የሚሠራ ኢቦናይት ነው፤ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቡናማ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ይህ አያስፈራም፣ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። ጥርስ የበሳው ከሆነ ግን ዋጋው ቢረክስም አልነካውም።

ጎድጓዳው ውስጥ ያለውን ጥቀርሻ በደንብ እዩት። ሳንቲም የምታህል ውፍረት ያለው ደግ ነው፤ የሚያጨስ ሰው እንዲያውም ይፈልገዋል፣ እንጨቱን ከእሳት ይከላከልለታል። ከዚያ ሲወፍር ግን በግለት ከእንጨቱ ይበልጥ ስለሚለጠጥ ጎድጓዳውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ከሥሩ የተቃጠለ እንጨትም ይደብቃል። ባለቤቱ «ጥቀርሻውን አልነካሁትም፣ እንዳለ ነው» ብሎ ሲኩራራ እኔ ይበልጥ እጠራጠራለሁ።

ሽታውን የማወጣው በጨውና በፋርማሲ አልኮል ነው። ጎድጓዳውን በጨው ሞልቶ፣ አልኮሉን ጠብ ጠብ አድርጎ ማሳደር ነው። ጠዋት ጨው ቡናማ ሆኖ ይገኛል። ዳግም አረቄ አይሆንም ወይ ያሉኝ አሉ። ምን በወጣው!

አሁን ዓይኔ ያረፈው ኤስኪሼሂር ከሚባል የቱርክ አገር በሚወጣ ነጭ ለስላሳ ድንጋይ የተሠራ ፒፓ ላይ ነው። ባለቤቱ በአውቶቡስ ልላክልህ ብለዋል። አይሆንም፤ ከወደቀ አለቀለት። ለገና አዲስ አበባ ስገባ ራሴ አይቼ፣ ከተስማማን በእጄ ይዤው እመጣለሁ።