ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ሰዓት

የምሠራው ገላን ባለ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ፣ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኖቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ መመሪያቸውም በእንግሊዝኛ ነው። በቅርቡ ሁሉም ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በየማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ ተባለ። ደስ ያለኝ ውሳኔ ነው። ማሽን ላይ የሚውል ሰው አደጋውን በሚገባው ቋንቋ ማንበብ አለበት።

ድሮ ቢሆን መሀል ከተማ ላለ ትርጉም ቤት ነበር የምንሰጠው። ክፍያው በገጽ ነው፤ ቀናትም ይፈጃል። ባልደረባዬ ግን ብዙ ፋይል በአንዴ የሚቀበል የኦንላይን ኤአይ መተርጎሚያ አገኘ። የፈረቃ ፕሮግራሙን፣ የጽዳት መመሪያውን፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉን ቼክሊስት፣ የዓመት ፈቃድ ደንቡን፣ ሁሉንም ጠቅልሎ ጫነው። ፎልደሩ ውስጥ የሠራተኞች የሕክምና ወረቀትም ነበር፤ እሱን ቀድመን አወጣነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ባይኖር እንኳ የሰው ሕመም እንዲህ ያለ ቦታ አይጫንም።

ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ሁሉም አልቋል። አማርኛውም ያምራል። ጉግል በፈረንጆቹ 2016 አማርኛ ሲጀምር ያወጣ የነበረውን የተሰባበረ ዓረፍተ ነገር ለሚያስታውስ ሰው ለውጡ ትልቅ ነው።

ከመለጠፉ በፊት እንዲታይ ለየክፍሉ ተሰጠ። በማግስቱ አንጋፋው መካኒካችን ሁለት ወረቀት ይዘው ቢሮ መጡ።

«ልጄ፣ እስቲ እነዚህን እዪልኝ።»

«ምን ሆኑ ጋሼ?»

«የኤሌክትሪኩ ወረቀት የመፍጫው ኃይል 8፡00 ሰዓት ላይ ይቋረጥ ይላል። የጽዳቱ ደግሞ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ጀምሩ ይላል። የቱን ልያዝ?»

እንግሊዝኛውን አወጣሁት። ሁለቱም ላይ ያለው 08፡00 ነው። አንዱ ፋይል ወደ እኛ አቆጣጠር ተቀይሯል፤ ሌላው ቁጥሩን እንዳለ ይዞታል። እኛ ዘንድ 8 ሰዓት ማለት ከምሳ በኋላ ነው። ሁሉም ወረቀቱን አክብሮ ቢሠራ ኖሮ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እጃቸውን ሲያስገቡ ኤሌክትሪሺያኑ ኃይሉን ለመቁረጥ 8 ሰዓትን እየጠበቀ ነበር። መፍጫው ውድቅ ዕቃ የሚቆራርጥ ስለት አለው። በስለቱ መሀል የተሰነቀረውን ፕላስቲክ ለማውጣት ክንድ እስከ ክርን ይገባል። ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ፋይሎቹ በአንዴ ስለተጫኑ እንደ አንድ ሥራ የታዩ ይመስላል። ያ መሣሪያ ግን እያንዳንዱን ለብቻው ነው የተረጎመው። እዚህ የወሰነውን እዚያ አያውቀውም። ወረቀቶቹን ለየብቻ ብታነባቸው ደግሞ አንዳቸውም አያጠራጥሩም። ጋሼ ጎን ለጎን ስላስቀመጧቸው ነው የተያዘው።

ሁሉንም ሰበሰብንና ቁጥር ቁጥሩን ብቻ ማየት ጀመርን። የፈቃድ ደንቡ ላይ የመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን በትክክል ሰፍሯል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ግን 1156/2019 ሆኖ ቀርቷል። ነጋሪት ጋዜጣ የአማርኛውን ዓምድ በእኛ ዘመን፣ የእንግሊዝኛውን በፈረንጆቹ ስለሚያትም፣ በአማርኛ አዋጁ የሚታወቀው 1156/2011 ተብሎ ነው። መብቱን ሊጠይቅ የሚሄድ ሠራተኛ የተሳሳተ ቁጥር ይዞ እንዲሄድ አልፈልግም።

ከዚያ ከጋሼ ጋር ቁጭ ብለን አንድ ገጽ ጻፍን። ማሽኖቹን ሠራተኛው የሚጠራባቸው ስሞች፣ ሰዓት እንዴት እንደሚጻፍ፣ ዓመተ ምሕረት በማን አቆጣጠር እንደሚሆን። ገጹን ከፋይሎቹ ጋር አብረን ሰጥተን እንደገና አስተረጎምን። በዚህኛው ሰዓቱ ሁሉም ላይ አንድ ሆነ። እንደዚያም ሆኖ ስለ አንድ ማሽን የሚያወሩ ወረቀቶች በሙሉ ጎን ለጎን ተነበቡ። ኤሌክትሪሺያኑና የጽዳት ኃላፊዋ አንዳቸው የሌላውን ወረቀት አንብበው ፈረሙ።

ጋሼ ይህም አልበቃቸውም። «ሰዓት ሊዛነፍ ይችላል፤ ቁልፍ ግን አይዛነፍም» አሉ። ብሬከሩ ተቆልፎ ቁልፉ የሚያጸዳው ሰው ኪስ ሳይገባ መፍጫው እንዳይነካ የሚል መስመር ይጨመር ብለው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገቡ። ተጨመረ፤ በደማቁ ተጽፎ።

አሁን የአፋን ኦሮሞው እየተዘጋጀ ነው። ግማሹ ሠራተኛ የሚያነበው እሱን ነው። ከመለጠፉ በፊት መጀመሪያ የሚያየው መፍጫው ላይ የሚሠራው ልጅ ነው፤ ሁለቱንም ወረቀት አንድ ላይ ይዞ።